ከምስክር ቤት እስከ መዝገበ ጥናት፤ ጥናትን ስለ ማስመዝገብና ስለ መጻሕፍት ጠባቂዎች ድርሻ

ከውጭ ቋንቋ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ባልደረቦቻችን ከሚቸገሩባቸው ቃላት አንዱ «ኢንስቲትዩሽናል ሪፖዚቶሪ» የሚባለው ነው። ነገሩ አንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም የምርምር ተቋም መምህራኑና ተማሪዎቹ የደረሱአቸውን ጽሑፎች በዲጂታል መልክ አሰባስቦ፣ በዝርዝር መዝግቦ፣ ለማንኛውም አንባቢ ክፍት የሚያደርግበት ሥርዐት ነው። ስሙ ግን እንደ ተርጓሚው ይለዋወጣል። አንዱ «ተቋማዊ ማከማቻ» ይለዋል፤ ሌላው «የጥናት ቋት»፤ ሦስተኛው «ግምጃ ቤት»፤ ሌላውም ቃሉን እንዳለ በፊደላችን ጽፎ ያልፈዋል። የስም አለመርጋት በማንኛውም አዲስ ነገር ላይ የሚደርስ ስለ ሆነ ብቻውን የሚያስጨንቅ አይደለም። ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣን ሌላ ነው። የተሰጡት ስሞች ሁሉ ስለ ዕቃው እንጂ ስለ ሰዎቹ አይናገሩም፤ ጥናቱን ማስገባት የሚገባው መምህር ስሙን ሲሰማ ነገሩ የመጋዘን ጉዳይ ይመስለዋል፤ ጥናቱን ተቀብሎ የሚያኖረው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያም የመጋዘን ጠባቂ ሆኖ ይታያል።

ስለዚህ ቃሉን ከመቍረጣችን በፊት ነገሩ በአገራችን ምን ታሪክ እንዳለው መመርመር ይገባል። ለዚህም ወደ ደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ መሄድ ያሻል። በዚያ አካባቢ ያሉ የዜማ ትምህርት ቤቶች ጽሑፍን ወደ አንድ ቦታ ማምጣትን፣ ማመሳከርንና ማስጠበቅን የለመዱት በአገራችን ዩኒቨርሲቲ ከመቋቋሙ ብዙ ዘመን አስቀድሞ ነውና።

ጋይንት ዛሬ ላይና ታች ተብሎ በሁለት ወረዳ ተከፍሏል፤ የላይኛው ከተማ ነፋስ መውጫ፣ የታችኛው አርብ ገበያ ነው። ስማዳ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ቆላ እየወረደ ይሄዳል። እስቴ በስተ ምዕራብ መካነ ኢየሱስን ከተማው አድርጎ ይገኛል። በካርታ ላይ ሲታይ ጥግ የያዘ አገር ይመስላል፤ በዜማ ትምህርት ካርታ ላይ ግን እምብርት ነው። በጋይንት የሚገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ነው፤ ዙር አባም የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት ነው። በእስቴ ያለው ቆማ ፋሲለደስ ደግሞ ስሙን ለአንድ የዜማ ስልት ሰጥቷል። የዜማ ሊቃውንት «ቤተ ልሔም»፣ «ቆማ»፣ «አጫብር» እያሉ ስልቶችን ሲለዩ ከሦስቱ ሁለቱ የሚጠሩት በዚህ በምንናገርለት አገር ደብሮች ስም ነው።

አንድ የድጓ ተማሪ ትምህርቱን የሚጀምረው በሚቀርበው ደብር ካለ መምህር ዘንድ ነው። ጾመ ድጓውን፣ ምዕራፉን፣ ከዚያም ድጓውን እየተቀበለ ብዙ ዓመት ያጠናል። ነገር ግን የድጓ መምህር ለመባል ከፈለገ ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ማስመስከር ይኖርበታል። በዚህ ትምህርት ልማድ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ የራሱን ድጓ ይጽፋል፤ ቃሉን ጽፎ ሲያበቃ ከበላዩ የዜማውን ምልክት ይጥላል፤ ከዚያም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ በምስክር ቤቱ ከሚታመንበት ድጓ ጋር እያመሳከረ ያርማል። ያመሳከረውን መጽሐፍ ይዞ አገሩ ይመለሳል፤ በተራው ሌሎችን የሚያስተምረው በዚያ ነው። ድጓ ከቅዱስ ያሬድ ጀምሮ በቃልም በጽሑፍም የሚወርድ ሰፊ መጽሐፍ ሆኖ ሳለ፣ በልዩ ልዩ አውራጃ የተማሩ ሁለት መሪ ጌቶች በአንድ በዓል ተገናኝተው አብረው ለመቆም የሚችሉት በዚህ ሥርዐት ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ለመዝገበ ቃላት ሠራተኛ የሚጠቅም ነገር አለ። «መሰከረ»፣ «ምስክር»፣ «አስመሰከረ»፣ «አመሳከረ»፣ «ማመሳከሪያ» የአንድ ግሥ ልጆች ናቸው። አመሳከረ በመሠረቱ ሁለት ምስክሮችን ፊት ለፊት አቁሞ ቃላቸው መግጠሙንና አለመግጠሙን መስማት ነው። ዛሬ በየቤተ መጻሕፍቱ «የማመሳከሪያ ክፍል» ስንል ይህን የፍርድ አደባባይ ሥዕል ልብ አንለውም። በምስክር ቤቱ ግን ሦስቱም ትርጕሞች በአንድ ጊዜ ሕያዋን ናቸው፤ ተማሪው ያመሳክራል፤ መምህሩ ይመሰክርለታል፤ መጽሐፉም ከዚያ በኋላ ለሌሎች ማመሳከሪያ ይሆናል። ተማሪው ብዙ ቀን ተጕዞ መጽሐፉን የሚያመጣው ለቤተ ልሔም ስጦታ ለመስጠት አይደለም፤ ለራሱ ምስክርነት ለማግኘት ነው። ቤተ ልሔም በበኩሉ የሚያገኘው ሥልጣን የሚመጣው እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ጥቅም ፈልጎ ከመምጣቱ ነው። የማኅበሩ ጥቅም ከግለሰቡ ጥቅም ውስጥ ይወጣል እንጂ በላዩ አይጫንም።

በድጓ ሊቃውንት ዘንድ የሚነገረው ትውፊት የቤተ ልሔምን ክብር ከግራኝ አሕመድ ጦርነት ጋር ያያይዘዋል፤ በዚያ ጥፋት ድጓ ከየቦታው ሲቃጠል በቤተ ልሔም የነበረው ተርፎ ለሌሎቹ መነሻ ሆነ ይላል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት ሥርዐት አስያዙ የሚለውም ትውፊት የዚሁ ዘመን ነው። ትውፊቱን እንደ ታሪክ ሰነድ አንወስደውም፤ ስለ መጻሕፍት አጠባበቅ የሚያስተምረው ግን ግልጽ ነው። ሊቃውንቱ ከጥፋት የተማሩት አንዱን ቅጂ አጥብቆ መቈለፍን ሳይሆን እያስጻፉና እያመሳከሩ ማሰራጨትን ነው።

ይህን ስንል በአንድ ደብር ግቢ ውስጥ ሁለት ዐይነት ጠባቂዎች እንዳሉ ማስታወስ ይገባል። አንደኛው ቄሰ ገበዙ ነው፤ ዕቃ ቤቱ በእርሱ እጅ ነው፤ ቍልፉ ከእርሱ ዘንድ ነው፤ ያለ እርሱ ፈቃድ መጽሐፍ አይወጣም። ሁለተኛው የምስክር መምህሩ ነው፤ እርሱ መጽሐፉን የሚጠብቀው በጆሮው ነው። የተሳሳተውን ይሰማል፣ ያርማል፣ የታረመውንም ያሰናብታል። የቄሰ ገበዙን ሥራ ማቃለል አይገባም፤ እርሱ ባይቈልፍ ኖሮ መምህሩ የሚያመሳክርበት ባልተረፈው ነበር። ነገር ግን ከሩቅ አገር ተማሪ የሚስበው ቍልፉ አይደለም።

ሌላም የማስቀመጥ ልማድ ነበር። በጎንደር ዘመንና ከዚያ በኋላ በበጌምድር አድባራት የርስትና የጕልት ስጦታ፣ ግዢና ሙግት ከወንጌሉ ወይም ከሌላ ክቡር መጽሐፍ ባዶ ቅጠልና ጠርዝ ላይ ይጻፍ ነበር። ባለ ርስቱ ውሉን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ የሚያስጽፈው መጽሐፉ ስለሚከበር፣ የእማኞቹም ስም አብሮ ስለሚጻፍ ነው። የታሪክ ምሁራን እነዚህን የጠርዝ ጽሑፎች ሰብስበው የሰሜን ኢትዮጵያን የመሬት ታሪክ ጽፈውባቸዋል፤ ያስጻፉት ሰዎች ግን ለታሪክ ምሁር አላሰቡም፤ ያሰቡት መሬታቸው እንዳይወሰድ ነው። በግእዝ አደራ የተሰጠ ነገር «ማሕፀንት» ይባላል፤ ከ«ማሕፀን» እና ከ«ሐፃኒ» (አሳዳጊ፣ ሞግዚት) ጋር አንድ ሥር ነው። የአማርኛው «ተማፀነ»ም ከዚሁ ወጥቷል። አደራ የተቀበለ ሰው እንግዲህ እንደ መጋዘን የሚያከማች ሳይሆን እንደ ሞግዚት የሚያሳድግ ነው። ይህን ቃል በኋላ እንፈልገዋለን።

ሦስተኛውን መንገድ፣ ማለትም የግዳጁን፣ ጋይንት በዐይኑ አይቶታል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋፋት የተሠራውን ከባድ መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ እያስጐተቱ ወደ መቅደላ የተጓዙት በጋይንት በኩል ነው። በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰቡት የመጻሕፍት ስብስብ አብዛኛው ከጎንደር አድባራት የተወሰደ ነበር። ሐሳቡ ትልቅ ነበር ማለት ይቻላል፤ የአገሪቱን ምርጥ ብራናዎች በአንድ አምባ ላይ ማሰባሰብ ነውና። ነገር ግን መጻሕፍቱ ከባለቤቶቻቸው የወጡት በፈቃድ አልነበረም፤ በምትካቸውም ለአድባራቱ ግልባጭ አልቀረላቸውም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ስብስቡ ባንድ ቀን ባለቤት አጣ። ወደ 350 የሚጠጉት ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጽፈው አንድ ቅጂ አስመልሰዋል። የዚህን ስብስብ ታሪክ ሰፋ አድርገው ያጠኑት፣ ጽሑፋቸውም እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው፣ ሪታ ፓንክኸርስት ናቸው፤ በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበሩ። የመቅደላን መጻሕፍት ታሪክ የጻፈ ሰው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ መሆኑ አጋጣሚ አይመስለንም።

ወደ አዲስ አበባ ከመጣን ዘንድ በዚያው ያለውን እንይ። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ተቋቋመ። የአዲስ አበባ ሕዝብ «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ከሚለው ረጅም ስም የግእዙን «ወ» ከተከታዩ ቃል ጋር አጣብቆ «ወመዘክር» ብሎ ጠራው፤ መስተጻምር የስም መነሻ ሆኖ የቀረበት ይህ ምሳሌ ለሰዋስው መምህራን ደስ የሚያሰኝ ነው። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ዛሬ የሚመራው በ1991 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቍጥር 179 ነው። በሕግ የማስረከብ ግዴታ የታተመውን መጽሐፍ ይመለከታል፤ ያልታተመውን የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የመስክ ማስታወሻና የቃላት ዝርዝር ግን የሚያስታውሰው ሰው ያስፈልገው ነበር።

ያ ሰው በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተገኘ። ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱን ያደራጀው ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሖይናትስኪ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን ከሌላው ለይቶ ማሰባሰብ ጀመረ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት ሪቻርድ ፓንክኸርስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ፤ ሖይናትስኪም የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ ኃላፊ ሆነ፤ ስብስቡም አብሮት ሄደ። በስድስት ኪሎው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የተቀመጠው ይህ ቤተ መጻሕፍት ከታተሙት መጻሕፍት ሌላ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፎች ይዟል። ከየአውራጃው የመጡ ወጣቶች ስለ ትውልድ አገራቸው ልማድ፣ ታሪክና ቋንቋ የጻፉአቸው እነዚያ በታይፕ የተመቱ ገጾች ከታተሙት ብዙዎቹ ይልቅ የሚፈለጉበት ጊዜ አለ። ጽሑፎቹ እዚያ በመቀመጣቸው የተገኘውን ዋጋ ማንም የኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪ ያውቀዋል። እኛ የምንጨምረው ይህ ብቻ ነው፤ ስብስቡ ያደገው ንባብ ቤቱ የተመራማሪዎች መገናኛ ስለ ነበረ ነው። ጽሑፉን እዚያ ያኖረ ሰው አንባቢውን በዐይኑ ያየው ነበር፤ ባለሙያውም ማን ምን እንደሚያጠና ያውቅ ስለ ነበር አንዱን ከሌላው ያገናኝ ነበር። የምስክር ቤቱ መምህር ጠባይ እንጂ የዕቃ ቤቱ አልነበረም።

አሁን ወደ ኮምፒዩተሩ ዘመን እንሻገር። በውጭው ዓለም የፊዚክስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ገና ያልታተመ ጽሑፋቸውን በአንድ የኮምፒዩተር ስብስብ ይለዋወጡ ነበር፤ እነርሱን ማንም ቀስቃሽ አላስፈለጋቸውም። እ.ኤ.አ. ከ2002 በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች የየራሳቸውን ስብስብ ሲከፍቱ ግን ብዙው ባዶ ሆኖ ቀረ። በአሜሪካ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምክንያቱን ለማወቅ የሰው ባሕል አጥኚ ቀጥሮ መምህራኑን በየቢሮአቸው እየሄደ አስጠና። እ.ኤ.አ. በጥር 2005 የታተመው ውጤት ለእኛ ሙያ የተጻፈ ይመስላል፤ ችግሩ ከቴክኒኩ ይልቅ በቋንቋው ላይ ተገኝቷልና። ባለሙያዎቹ ስለ «ተቋም»፣ ስለ «ማከማቸት»፣ ስለ «ሜታዴታ» ይናገሩ ነበር፤ መምህሩ ግን የሚያስበው ስለ ጥናቱ፣ አብሮት ስለሚጽፈው ባልደረባው፣ ከአምስቱ ረቂቆች የመጨረሻው የትኛው እንደ ሆነ፣ ጽሑፉንም ማን እንደሚያነብለት ነበር። ልቡ ከዩኒቨርሲቲው ይልቅ በመላው ዓለም ከተበተኑት የሙያ ጓደኞቹ ጋር ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ቋንቋውን ለወጠ፤ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ በስሙ የሚጠራ ገጽ አዘጋጀ።

ግዴታን ከጥቅም ጋር ያገናኙም አሉ። በፖርቱጋል የሚንሆ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ማስገባትን ግዴታ ሲያደርግ ጽሑፍ ለሚያስገቡ ክፍሎች የገንዘብ ማበረታቻ ሰጠ። በቤልጂግ የሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር በርናር ራንቲዬ ደግሞ ቀላል ውሳኔ ወሰኑ፤ መምህር ለዕድገት ሲወዳደር የሚቈጠርለት በዩኒቨርሲቲው ስብስብ የተመዘገበው ጽሑፍ ብቻ ይሁን አሉ። ከቤተ ልሔም ሥርዐት ጋር ያለው ዝምድና የሚያስደንቅ ነው፤ ያላስመሰከረ መምህር አይባልም ማለት ነውና። በሊዬዥም ቢሆን ውሳኔው ብቻውን አልሠራም፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች አሠራሩን ለመምህራኑ እያሠለጠኑና ሲቸገሩ እየደገፉ ነው ስብስቡ የሞላው።

በአገራችን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 ከተከፈተ ወዲህ የማስተርና የዶክትሬት ጽሑፎች ተከማቹ። የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር የአህጉሩን የመመረቂያ ጽሑፎች በአንድ ዝርዝር ለማሰባሰብ ሲነሣ አዲስ አበባ ከመጀመሪያዎቹ ተሳታፊዎች አንዱ ነበር፤ በኋላም የራሱን የኤሌክትሮኒክ ስብስብ ከፈተ። በመስከረም 2012 ዓ.ም. የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ አወጣ። በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር ውጤት በብሔራዊው የአካዳሚክ ዲጂታል ስብስብ እንዲገባ ያዛል፤ ጥናት ለማካሄድ ሐሳብ ሲቀርብም ክፍትነት ከመመዘኛዎቹ አንዱ እንዲሆን ይላል። ይህ ፖሊሲ ከታወጀ በፊትም በኋላም የኢትዮጵያ አካዳሚክና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ኅብረት በዚህ ጉዳይ ደክሟል። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው፣ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ የቅርቡ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የሆነው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም በዚህ ሥር ይገኛል።

ዐዋጅ ግን ገበዝ ነው፤ በር ይከፍታል፣ በር ይዘጋል። መምህሩን በበሩ የሚያስገባው ሌላ ሰው ነው። መምህሩ የሚፈራው ነገር አለ፤ ጥናቴን ይሰርቁብኛል ይላል፤ አሳታሚ አይቀበለኝም ይላል፤ ይህን ሁሉ ደክሜ ምን አገኛለሁ ይላል። እነዚህን ፍርሃቶች ተራ በተራ ሊመልስ የሚችለው ከጎኑ የሚገኘው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ብቻ ነው። ስርቆትን በተመለከተ፣ የጥንቱ ጸሐፊ መጽሐፉን በሚሰርቅና በሚፍቅ ላይ ግዝት ይጽፍ እንደ ነበረ እናውቃለን፤ የእኛ ዘመን ግዝት ቀን የተጻፈበት መዝገብ ነው። ጽሑፉ መቼ እንደ ገባ፣ የማን እንደ ሆነ በግልጽ ስለሚታይ በሰረቀው ላይ የሚመሰክረው እርሱ ራሱ ነው። በመሳቢያ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ግን ሲሰረቅ ምስክር የለውም። የአሳታሚውን ጥያቄ ባለሙያው ውሉን አንብቦ ይመልሳል፤ ብዙ አሳታሚዎች ደራሲው የመጨረሻውን ረቂቅ እንዲያስገባ ይፈቅዳሉ፤ አንዳንዶች የማቆያ ጊዜ ይጠይቃሉ። ይህን መምህሩ ራሱ እንዲያጣራ መተው አለማስገባቱን መወሰን ነው።

ለእኛ፣ ለመዝገበ ቃላት ሰዎች፣ ጉዳዩ ከማንም ይልቅ ይቀርበናል። ስለ አንድ አካባቢ አነጋገር የሚጻፍ የመመረቂያ ጽሑፍ ወደ መጽሔት ጽሑፍ ሲታጠፍ መጀመሪያ የሚቀረው አባሪው ነው፤ የቃላቱ ዝርዝር ያለው ግን በአባሪው ነው። የስማዳ ቆላ ገበሬ ለማሽላ ዐይነቶች ያለው ስም፣ የጋይንት ደገኛ ለገብስ ያለው፣ የዜማ ተማሪ ለምልክቶቹና ለልመናው ያለው ቃል፣ አንድ ተማሪ ጠይቆ ጽፎት በመምሪያው መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ለመዝገበ ቃላት አልተጻፈም ማለት ነው። የ1993ቱን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ተከትሎ የሚመጣ ማንኛውም ሥራ ከእንዲህ ያሉ ዝርዝሮች መቅዳት ይኖርበታል።

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። «ማከማቻ» እህልና ሸቀጥ ያስታውሳል፤ የተከመረ ነገር ደግሞ ከሥሩ ያለው አይታይም። «ቋት» የወፍጮና የዱቄት ቃል ነበር፤ «የመረጃ ቋት» በሚለው ውስጥ ጥሩ አገልግሏል፤ ነገር ግን በቋት ውስጥ ዱቄቱ ይቀላቀላል እንጂ የማን እህል እንደ ሆነ አይለይም። «ግምጃ ቤት» የከበረ ቢሆንም የተቈለፈ ነው። «ተቋማዊ» የሚለው ቅጽልም የሮቸስተር መምህራን የሸሹትን ነገር እንደ ገና ያመጣዋል። «ምስክር ቤት»ን ለዚህ መውሰድ ያምረናል፤ ግን የራሱ ባለቤት ያለው፣ ዛሬም በሕይወት ያለ ስም ስለ ሆነ ለጌቶቹ መተው ይሻላል።

በበኩላችን የምናቀርበው «መዝገበ ጥናት» ነው። በግእዝ «ዘገበ» ሰበሰበ፣ አከበተ፣ ለክፉ ቀን አኖረ ማለት ነው፤ «መዝገብ» ሀብት የሚኖርበት ቤት፣ ሀብቱም ራሱ ነው። «መዝገበ ቃላት» ይህን ጥንታዊ ትርጕም ይዞ ኖሯል፤ የቃላት ሀብት ቤት እንጂ የቃላት ሒሳብ ደብተር አይደለምና። የዛሬው «ዘገባ» እና «ዘጋቢ»ም ከዚሁ ሥር ስለ ሆኑ፣ ያገኘውን የሚዘግብ ተመራማሪና የተዘገበውን የሚይዝ ቤት በቋንቋችን ዘመዳሞች ናቸው። ተቋሙን ለመጥራት «የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ መዝገበ ጥናት» ማለት ይበቃል። አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። «መዝገብ ቤት» ሲባል ደብዳቤ ገብቶ የሚጠፋበት ክፍል ትዝ የሚለው ሰው ብዙ ነው፤ ፍርድ ቤትም መዝገብ ሲዘጋ እንጂ ሲከፈት አይወራም። ስለዚህ ቃሉ ከ«ቤት» ጋር ፈጽሞ መጋጠም የለበትም፤ ከ«መዝገበ ቃላት» ጐን ቢቆም ግን ወንድሙ ይመስክርለታል።

ግሡ ከስሙ ይበልጣል። «ጥናት ማስቀመጥ» ቢባል ነገሩ አለቀለት ማለት ይመስላል፤ «ማስረከብ» ቢባል ከእጄ ወጣ ማለት ነው። «ማስመዝገብ» ግን በአማርኛ ሁለት ፊት አለው፤ ስምን ማጻፍ ነው፤ «ውጤት አስመዘገበ» ሲባል ደግሞ ማሸነፍ ነው። ጥናቱን ያስመዘገበ መምህር ሁለቱንም ይሰማል። ባለሙያውን በሚመለከት «ጠባቂ» እና «ዐቃቤ» የቍልፍ ስሞች ስለ ሆኑ፣ ከ«ማሕፀንት» ጋር የሚሄደው «ሐፃኒ» ትርጕሙ ይበልጥ ይስማማል፤ ነገር ግን ለዕለት ንግግር ስለሚከብድ «የመዝገበ ጥናት ባለሙያ» ብለን እንተወዋለን።

የባለሙያው ጥበብ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በስምና በአጻጻፍ ላይ ነው። ጋይንት በላቲን ፊደል ቢያንስ በሦስት ዐይነት ይጻፋል፤ እስቴና ስማዳም እንዲሁ። በፊደላችንም ቤተ ልሔም አንድ ጊዜ ተነጣጥሎ፣ አንድ ጊዜ ተጋጥሞ፣ አንድ ጊዜ በሃሌታው «ሄ» ይገኛል፤ ዙር አባም «ዙራባ»፣ «ዙር አምባ»፣ «ዙራምባ» እየተባለ ይጻፋል። የመጨረሻዎቹ ቃሉን ከአምባ ጋር ያያይዙታል፤ «ዙር አባ» የሚሉት ደግሞ ቅዱስ ያሬድ አምባውን እንዲዞር ከተነገረው ቃል ያወጡታል። የትኛውም ትክክል ቢሆን ኮምፒዩተሩ አራቱን አራት አገር አድርጎ ነው የሚያያቸው። የሰው ስምም እንዲሁ ነው፤ በውጭ አገር የተሠራው ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ሲጠይቅ የመምህሩ አባት ደራሲ ይሆናሉ፤ አንዱ ጥናት በመምህሩ ስም፣ ሌላው በአባቱ ስም ይገባና የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ የሁለት ሰዎች ሆኖ ይታያል። መምህሩ ስሙን ፈልጎ ሲያጣው ዳግመኛ አይመጣም።

ስለዚህ የቃል ኮሚቴዎች ከቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ጋር ተቀምጠው መጀመሪያ ሊያዘጋጁት የሚገባው የቦታና የሰው ስሞች ዝርዝር ነው፤ ለእያንዳንዱ ስም አንድ የተመረጠ አጻጻፍ፣ ከሥሩም የሌሎቹ ሁሉ መጠቈሚያ። ከደቡብ ጎንደር ቢጀመር በመጀመሪያው ገጽ የሚሰፍሩት ቤተ ልሔም፣ ዙር አባ፣ ቆማ፣ መካነ ኢየሱስ፣ ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ ይሆናሉ። በማስመዝገቢያው ቅጽ ላይም «የቤተሰብ ስም» የሚለው መስመር ይሰረዝና በምትኩ «ስም ከነአባትና ከነአያት» ይጻፍ።